ምዕራፍ ስድስት፦ ሐሙሲት የማን ሐሙስ ናት?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ሐሙሲት ይደርሳል። ወረታንና ይፋግን አልፎ አዲስ ዘመን ይገባል፤ ከዚያ ማክሰኝት፣ ቀጥሎ ጎንደር። መንገዱን በካርታ ላይ ለተከተለው ሰው ነገሩ የቀን መቁጠሪያ ይመስላል፤ ሐሙስ ተነሥቶ፣ አዲስ ዘመን ተሻግሮ፣ ማክሰኞ ላይ ብቅ ማለት። ወደ ደሴ የሚሄደውም አያመልጥም። ሸዋ ሮቢት ረቡዕን፣ ሰንበቴ እሑድን ይዘው መንገድ ዳር ይጠብቁታል። አዊ ውስጥ ደግሞ አዲስ ቅዳም የምትባል ከተማ አለች። ቅዳሜ እንዴት አዲስ ይሆናል?

ሾፌሩም ረዳቱም እነዚህን ስሞች ሲጠሩ ፈገግ አይሉም። ሐሙሲት ተወልዶ ያደገ ሰው የከተማውን ስም በጠራ ቁጥር ቀኑ ትዝ አይለውም፤ ለእሱ ስሙ የእናቱ ቤት፣ ትምህርት ቤቱ፣ መናኸሪያው ነው። የሚገረመው መንገደኛው ብቻ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚያጠነጥንበት ሐሳብም ከዚሁ ይነሣል፦ የቦታ ስም ሲወለድ እንግዳ አይደለም። ሲወለድ አንድ ሰው ለሚያውቀው ሰሚ የተናገረው ተራ ቃል ነው። እንግዳ የሚሆነው ከመጀመሪያ ሰሚዎቹ ሲርቅ ነው፤ በመንገድ ሲርቅ፣ በዘመን ሲርቅ፣ ወይም ቋንቋ ሲሻገር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ለሰው ስም እውነት ሊሆን ይችላል። የትንንሽ ከተሞቻችንን ስም ቆፍረን ስንወርድ ግን ከሥሩ ብዙ ጊዜ የምናገኘው በቅሎ የሚነዳ ነጋዴ ነው።

የቦታ ስሞችን አመጣጥ የሚመረምረው የጥናት ዘርፍ ቶፖኒሚ ይባላል። ስሙ ቢያስፈራም ሥራው ግማሹ የቋንቋ፣ ግማሹ የታሪክ ነው፤ ከሁለቱ የተረፈው ደግሞ ሽማግሌዎች አጠገብ ተቀምጦ ማዳመጥ ነው። አንባቢው ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልገው ዕውቀት ሁሉ ኪሱ ውስጥ አለ።

ስልክ ውስጥ ያለው ከበደ

በምዕራፍ አራት ስለ ቅጽል ስሞች ስንነጋገር፣ ቅጽል የሚወጣው አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሰዎች አንድ ሰፈር ሲገናኙ መሆኑን አይተናል። አሁን ሞባይልዎን ያውጡና የተመዘገቡትን ስሞች ይመልከቱ። «ከበደ ቧንቧ»፣ «አልማዝ እንጀራ»፣ «ደላላ ገርጂ»፣ «ሰላም ድሮ ቢሮ»። አንዱንም ስም ሲጽፉ ለታሪክ ይቀመጥ ብለው አልነበረም። ቧንቧ የፈነዳ ዕለት ከሚያውቋቸው ከበደዎች ሁሉ ይህኛውን ለመለየት በችኮላ የጫሩት ነው። ለእርስዎ ፍጹም ግልጽ ነው፤ ጸሐፊውም አንባቢውም እርስዎ ነዎትና።

ከበደ የቧንቧ ሥራውን ትቶ ሆቴል ቢከፍትስ? ስልክዎ ውስጥ ቧንቧ እንደሆነ ይኖራል። ማን ቁጭ ብሎ ያርመዋል? አንድ ቀን ልጅዎ ያንን ስልክ ወርሶ ዝርዝሩን ሲያይ ግን «ይህ ባለሆቴል ለምን ቧንቧ ተባለ?» ማለቱ አይቀርም። የሚጠይቀው ሰው ካጣ ደግሞ ራሱ መልስ ይፈጥራል፤ ሰውየው ቀጭንና ረጅም ነበር ይሆናል።

የከተማ ስምም በዚሁ መንገድ ያልፋል። መለያ ሆኖ ይጀምራል። ለመለያነት ያበቃው ነገር ይቀየራል ወይም ይጠፋል፤ ስሙ ግን አፍ ላይ ስለተለመደ ይቀራል። በመጨረሻም ምክንያቱን ያላየ ትውልድ ተረት ያበጅለታል። ስለዚህ አዋቂ ተመራማሪ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ አይጀምርም። የሚጀምረው «ይህን ቃል ማን ለማን ተናገረው? ከምን ለመለየት?» ብሎ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ወደ ሐሙሲት እንመለስ።

ሐሙስ ለማን ይበቃል?

በገጠር ትልቁ ገበያ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚቆመው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገበሬው የሚሸጠው እህል፣ በግ ወይም ቅቤ ዕለት ዕለት አይኖረውም፣ ማሳውንም በየቀኑ ትቶ መሄድ አይችልም። ነጋዴው ግን ሌላ ችግር አለበት። ጨው ጭኖ፣ ቡና ይዞ ወይም ሸማ ተሸክሞ የሚዞር ሰው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሸጦ አይኖርም። በአካባቢው ያሉት ገበያዎች ሁሉ አንድ ቀን ቢቆሙ ኖሮ ያን ቀን አንዱን ብቻ ደርሶ፣ ስድስቱን ቀን እጁን አጣጥፎ ይውል ነበር። ስለዚህ የሚቀራረቡ ገበያዎች ቀን ይከፋፈላሉ። ነጋዴው ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ እያለ ሳምንቱን እየዞረ ይጨርሰዋል።

ይህን ያዘዘ ሹም አያስፈልግም። ጎረቤቱ ካለው ትልቅ ገበያ ጋር በአንድ ቀን የተቆራኘ ትንሽ ገበያ ነጋዴ ያጣል፤ ነጋዴ ያጣ ገበያ ደግሞ ወይ ቀኑን ይለውጣል ወይ ይፈርሳል። ውጤቱ ለስም ተመራማሪው ወርቅ ነው። አንድ ገበሬ በእግሩ ሄዶ በዚያው ቀን ሊመለስ በሚችልበት ርቀት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሐሙስ ገበያ አንድ ብቻ ይሆናል። አንድ ብቻ ከሆነ ቀኑን መጥራት ቦታውን መጥራት ነው።

«አያ፣ ወዴት ነው ጉዞው?»

«ሐሙሲት!»

ጠያቂው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። አህያው የተጫነውን አይቶ፣ ቀኑን ሰምቶ፣ ሰውየው የሚወርድበትን ቁልቁለትና የሚሻገረውን ወንዝ ጭምር ያውቃል። እዚህች አጭር መልስ ውስጥ ከተማ የለችም፤ ገና አልተቆረቆረችም። ያለው ሜዳ፣ ምናልባትም አንድ ትልቅ ዛፍ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚሞላና ስድስት ቀን ፍየል የሚግጥበት ቦታ ነው። ስሙ ከከተማው ይቀድማል። ቤቶቹ የመጡት ኋላ ነው፤ በመጀመሪያ ጠላ የምትጠምቀው ሴት፣ ከዚያ መጋዘን የሚያስፈልገው እህል ነጋዴ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው። መጥተው የሰፈሩት ስም ያለው ቦታ ላይ ነው።

የቃሉ ቅርጽም ይህን ታሪክ ያግዛል። ሮቢት፣ ሐሙሲት እና ማክሰኝት መጨረሻቸው ላይ ያለችው ድምፅ «ሙሽሪት» እና «አሮጊት» ላይ ያለችው ናት። በአማርኛ እንዲህ ስንጨምር ነገሩን ሴት እናደርገዋለን፣ ጠጋ እናደርገዋለን፤ ያቺ የምናውቃት እንደ ማለት። ሮቢት ማለት እንግዲህ በተራ ንግግር «ያቺ የሮቡ» ናት። ደረቅ የቀን ስም ሲሆን ይቀዘቅዛል፤ በዚህ ቅርጽ ግን ለቤተኛ ጆሮ የተነገረ መሆኑ ይታወቃል። በሌሎች ቦታዎች ቅርጹ ግልጥ ያለ ነው። ሰኞ ገበያ እና አርብ ገበያ ምንም አይደብቁም።

ሰንበቴ ሲባል ብዙ አንባቢ መጀመሪያ ትዝ የሚለው በቤተ ክርስቲያን ያለው ማኅበር ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን ስንጓዝ የምናገኛት ከተማ ግን የታወቀችው በእሑድ ገበያዋ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ከቆላና ከደጋ መጥተው የሚገናኙባት ናት። በዚያው አቅጣጫ ርቆ የሚገኘው የባቲ ገበያ ደግሞ ሰኞ ነው፤ ዝናውም ከሁሉም የበለጠ ነው። ይሁን እንጂ ባቲን ሰኚት ያላት የለም። ይህን የማነሣው ሕጉ ብረት እንዳይመስል ነው። ገበያ ስም ሊያወጣ ይችላል፣ የግድ አያወጣም።

አሁን አዲስ ቅዳም አያስቸግረንም። «አዲስ» የሚለው ቃል ብቻውን ትርጉም የለውም፤ አሮጌ ወይም ቀድሞ የነበረ ነገር በሰሚው ልብ ውስጥ መኖር አለበት። ቅዳሜን ከቅዳሜ መለየት ካስፈለገ «አዲሱ ቅዳም» ይበቃል። በስልክ ውስጥ «ሰላም አዲሱ ቁጥር» ብለን እንደምንጽፈው ነው። ቁጥሩ አምስት ዓመት ቢሞላውም አዲስ እንደተባለ ይኖራል። የኢትዮጵያ ካርታ በእንዲህ ያሉ ያረጁ አዲሶች የተሞላ ነው።

ዛሬ በእነዚህ ከተሞች ሱቅ ሳምንቱን ሙሉ ክፍት ነው፣ ባንክ አለ፣ መናኸሪያው ሁሌም ይጮኻል። ሐሙሲት ማክሰኞ ዕለትም ስኳር ይገዛባታል፣ ማክሰኝትም ሐሙስ ዕለት ዘይት ትሸጣለች። ለስሙ መወለድ ምክንያት የሆነው ልዩነት ሊደበዝዝ ይችላል፤ ስሙ ግን በታርጋው ላይ፣ በትኬቱ ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ላይ ሰፍሯል።

ስም ከሞክሼው ሲገናኝ

ስም የሚሠራበት ርቀት አለው ብለናል። ርቀቱ ሲሰፋ ምን እንደሚሆን ለማየት ሮቢት ጥሩ ማስረጃ ናት። አንዷ ሮቢት ሸዋ ውስጥ፣ ሌላዋ ወሎ ቆቦ አጠገብ ነች። ለዘመናት አንዳቸው ስለሌላዋ ማወቅ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ የሁለቱ ገበያተኞች አይተዋወቁም። የመኪና መንገድ ሲዘረጋ፣ አውቶቡስ ሲመጣ፣ ስልክና ፖስታ ሲገባ ግን ሁለቱ ስሞች አንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ። አዲስ አበባ የተቀመጠ ጸሐፊ «ሮቢት» ተብሎ የመጣለትን ደብዳቤ የት ይላከው? ስለዚህ አንዷ ሸዋ ሮቢት፣ ሌላዋ ቆቦ ሮቢት ሆኑ። ነገሌም ነገሌ ቦረናና አርሲ ነገሌ፣ ሮቤም ባሌ ሮቤና አርሲ ሮቤ የሆኑት ከዚህ የተነሣ ነው።

በእኔ ግምት ከተማ ስሙ ላይ የአገር ስም ከጨመረ፣ ያ ጭማሪ ለነዋሪው የተጨመረ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቆሞ «ሸዋ ሮቢት» የሚል ካጋጠመዎት እንግዳ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ቤተኛው «ሮቢት» ብሎ ያልፋል። አንድ ስም ሁለት ሰሚ ካለው፣ ሁለት ርዝመትም ይኖረዋል።

ከዚህም የባሰ አጭር ስም አለ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሐይቅ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ሐይቁም ስሙ ሐይቅ ነው። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀው ገዳምም ሐይቅ እስጢፋኖስ ይባላል። ለሩቅ ሰው አገሬዎቹ ስም ማውጣት የሰነፉ ይመስላሉ። እዚያው ለሚኖር ሰው ግን ከየትኛው ሐይቅ ሊለይ ነው? ዓይኑ ፊት ያለው ውሃ አንድ ነው። ባሕር ዳርም እንዲሁ። ከጣና ዳር ሆኖ «ባሕሩ ዳር ነኝ» የሚል ሰው የየትኛው ባሕር ብሎ የሚጠይቀው አይኖርም። ዛሬ ትልቅ ከተማ ሆና ስሟ በአውሮፕላን ትኬት ላይ ሲታተም፣ ውቅያኖስ የሚጠብቅ የውጭ አገር ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ቃሉ ሳይለወጥ ሥራው የተለወጠባቸውም አሉ። አንኮበር፣ ጣርማ በር፣ ኮሶ በር። ለከተሜ ጆሮ በር ማለት እንጨት ወይም ብረት ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ለሲራራ ነጋዴ ግን በር ማለት ተራራው ዝቅ ብሎ መንገድ የሚሰጥበት ስፍራ ነበር፤ ከዚያ ውጭ ገደል ነው። ኮሶ በር፣ ማለትም ዛሬ እንጅባራ የምትባለው ከተማ፣ በዚህ አነጋገር ሙሉ የመንገድ ምልክት ነበረች። የኮሶ ዛፍ ያለበት መተላለፊያ። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስሮ የመኪና ዋሻ አወጣ። በሩ ከተራራው አናት ወደ ተራራው ሆድ ወረደ ማለት ነው፤ ስሙን ግን ማንም አልነካውም።

ከላይ የወረደ ስም

እስካሁን ያየናቸው ስሞች ከታች የበቀሉ ናቸው። ከላይ የሚወርዱም አሉ፤ እነዚህም ሰሚ አላቸው፣ ሰሚያቸው ግን ሌላ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲወጡ አዲስ ዓለም ይገኛል። ስሙ ለትንሽ ከተማ የተጋነነ ሊመስል ይችላል። በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው እንደነበር ስናውቅ ግን ልኩ ይታየናል። አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ አልቆ ነበር፤ በዚያ ዘመን ማገዶ ያጣ ከተማ ችግሩን የሚፈታው ነቅሎ በመሄድ ነው። አዲሱ ስፍራ ቀድሞ እጀሬ ይባል የነበረው ነው። ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀመረ። በኋላ ሐሳቡ ተለወጠ፤ ባሕር ዛፍ እየተተከለ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አዳናት፣ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስሙ የተወለደው ለዋና ከተማ ነበር። ከተማዋ ትንሽ ሆና ቀረች፣ ስሙ ግን በተቆረጠለት ልክ ቆየ። ለጎልማሳ የተሰፋ ካባ የለበሰ ሕፃን ይመስላል።

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ነበረች፤ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ተጠራች። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ ስያሜው በረከተ። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ አዳማ ናዝሬት፣ አምቦ ሐገረ ሕይወት፣ ወሊሶ ጊዮን፣ አዶላ ክብረ መንግሥት ተባሉ። አሰበ ተፈሪ እና ሚዛን ተፈሪ የገዢውን የቀድሞ ስም ራሱን ተሸከሙ። እነዚህን ስሞች «ለማን ተነገሩ?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ ገበያተኛው አይደለም። ደብረ ዘይትና ናዝሬት ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ፣ አሰበ ተፈሪ ለቤተ መንግሥት የተነገሩ ናቸው። በኦሮምኛ ቢሻን ውሃ ነው፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተኙ ሐይቆች የተከበበውን ቦታ ቢሾፍቱ ብሎ የጠራው ሰው የሚያየውን ተናገረ። ደብረ ዘይት ያለው ደግሞ ያነበበውን።

ሥርዓቱ ሲለወጥ ከእነዚህ ከተሞች ብዙዎቹ አንድ በአንድ ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመለሱ፤ አሰበ ተፈሪም ጭሮ ሆነች። አንድ ስም ሰሚውን ካጣ የሚደግፈው የለም። እንደዚያም ሆኖ ነገሩ በአዋጅ ብቻ አያልቅም። በአዋጅ የተሻረ ስም በተሳፋሪው አፍ ላይ አሥርት ዓመታት ሊኖር ይችላል፤ ደብረ ዘይትና ናዝሬት ማለት የለመደ አዲስ አበቤ ዛሬም ብዙ ነው። አምቦ በተቃራኒው ለመመለስ አልተቸገረችም። በወረቀት ሐገረ ሕይወት በነበረች ጊዜ እንኳ ውሃው አምቦ ውሃ ነበር። ከጠርሙስ ላይ ስም መፋቅ ከማኅተም ላይ ከመፋቅ ይከብዳል።

ድሬዳዋም ሳይሳካ የቀረ የላይ ስም ታሪክ አላት። የምድር ባቡሩ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ ስለከበደ ከሥር በቆላው አለፈና በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ አዲሱ ጣቢያ ደረሰ። ጣቢያው አዲስ ሐረር ተባለ። ስሙ የሐረርን ገበያ አስቦ ገንዘቡን ላወጣው ሰው ደስ የሚል ነው። ቆላው ውስጥ ለሚኖረው ሰው ግን ምንም አይነግረውም፤ ሐረርን ያውቃታል፣ ያለችውም ላይ ናት። ድሬዳዋ አሸነፈች።

ባሕር ማዶም ያው ነው

እንግዳ ስም የእኛ ብቻ ቢመስል አሜሪካንን እንይ። አሪዞና ውስጥ ቱምስቶን፣ ማለትም የመቃብር ድንጋይ፣ የምትባል ከተማ አለች። ኤድ ሺፈሊን የተባለ ማዕድን ፈላጊ በ1877 በአፓቺዎች ምድር ሲንከራተት ወታደሮች «እዚያ የምታገኘው የራስህን የመቃብር ድንጋይ ብቻ ነው» ብለው ቀለዱበት። እሱ ግን ብር አገኘ፤ ቦታውንም በቀልዱ ጠራው። ስሙ መልስ ነበር፣ ሰሚዎቹም እነዚያ ወታደሮች። ቀልዱን ላልሰማ ሰው ከተማው አስፈሪ ነው።

ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያለችው ደግሞ ይበልጥ ትገርማለች። ሆት ስፕሪንግስ፣ ማለት ፍል ውሃ፣ ትባል ነበር፤ ምክንያቱም ፍል ውሃ አላት። በ1950 ራልፍ ኤድዋርድስ የሚያዘጋጀው የሬዲዮ የጥያቄና መልስ ፕሮግራም አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ስሟን በፕሮግራሙ ስም የምትለውጥ ከተማ ከተገኘች ዝግጅቱን ከዚያ እንደሚያስተላልፍ አስታወቀ። ከተማዋ እሺ አለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሟ ትሩዝ ኦር ኮንሲክወንስስ ነው፤ በእኛ አነጋገር «እውነቱን ተናገር፣ አለዚያ መዘዙን ቻል» እንደ ማለት። ፕሮግራሙን የሚያስታውስ አድማጭ እያለቀ ነው፤ ነዋሪዎቹም ስሙን በሁለት ፊደላት አሳጥረው «ቲ ኦር ሲ» ይሉታል። በምዕራፍ ሁለት ያየነው ነገር ነው፤ አፍ የተመላለሰበትን ቃል ይሸርፈዋል።

በዌልስ ያለችው ላንቫይርፑል የምትባል መንደርም በ1860ዎቹ ስሟን ሆን ብላ አስረዘመች፤ ሙሉ ስሟ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ 58 ፊደላት አሉት። ሰሚው ባቡር ላይ ያለ አገር ጎብኚ ነበር፤ ጎብኚውም እስከ ዛሬ ታርጋው ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ኦስትሪያ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ መንደር በዚህ አልታደለችም። የብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ ያለው ስሟ በጀርመንኛ ምንም ነውር የለበትም፤ በእንግሊዝኛ ግን ከባድ ስድብ ነው። ጎብኚዎች ታርጋዋን እየነቀሉ ስላስቸገሩ ከ2021 ጀምሮ ፉጊንግ ተባለች። ነዋሪዎቹ ስሙን ያወጡት ለእንግሊዝኛ ጆሮ አልነበረም። ጆሮው ራሱ መጣባቸው።

ተረቱን መፈተን

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደርሰናል። ስሙን የፈጠረው ነገር ሲረሳ ተረት ይፈጠራል ብለናል፤ እውነተኛውን ትዝታ ከተረቱ እንዴት እንለያለን?

መጀመሪያ የሚያጠራጥረኝ ንጉሥ የሚያልፍበት ትረካ ነው። ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ሲያልፉ ቆም ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፣ ቃሉም የቦታው ስም ሆኖ ቀረ የሚል ታሪክ በየአገሩ ይሰማል። እውነት የሆነ ይኖርበታል። ነገር ግን ስም የሚጸናው በየቀኑ የሚጠራው ሰው ሲኖር ነው፤ ንጉሥ ደግሞ ያልፋል። ትረካው በሌላ ማስረጃ ካልተደገፈ እንደ ጨዋታ ሰምቼ አመሰግናለሁ።

ደብረ ብርሃን ግን ሌላ ነገር ናት። ስሟ ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብና በሰማይ ከታየ ብርሃን ጋር የተያያዘ ነው፤ ታሪኩም ቀደም ባለ ጽሑፍ ሰፍሯል። ሃሌይ የተባለው ጅራታም ኮከብ በ1456 እ.ኤ.አ. በምድር ሰዎች ታይቷል፤ ይህም በንጉሡ ዘመን ውስጥ ነው። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ያ ብርሃን ይኸው ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉት ለዚህ ነው። እዚህ ንጉሡ አልፈው አልሄዱም፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ መቀመጫቸውም አደረጉት። ስሙን በየቀኑ የሚጠራ ካህን፣ ወታደርና አገልጋይ ነበረ ማለት ነው።

ሻሸመኔን ደግሞ እንይ። በሕዝቡ ዘንድ የታወቀው ትረካ ስሙን ሻሼ ከምትባል ሴት ቤት ጋር ያገናኘዋል፤ በኦሮምኛ መና ወይም መነ ቤት ነው። የስም ተመራማሪ ይህን ሲሰማ ሁለት ስሜት ያድርበታል። መንገደኛ የሚያርፍበት ቤት የከተማ ስም መሆኑ ፍጹም ያሳምናል፤ «ከበደ ቧንቧ» ከሚለው በምንም አይለይም። በሌላ በኩል በኦሮምኛ ሥርዓት ቤት የሚለው ቃል ይቀድማል፣ ባለቤቱ ይከተላል፤ ሻሸመኔ ላይ ግን ተገላብጧል። ትረካውን ለመጣል ይህ ብቻ አይበቃም፤ ስሙን ያጸኑት ሰዎች ባለቤትን የሚያስቀድም ቋንቋ ይናገሩ ነበር ወይ የሚለውን ግን ያስጠይቃል። ጥሩ ተረት የሚፈተነው እንዲህ ነው፤ ሳይንቁት፣ ግን ሳይለቁት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቋንቋውን ሳይጠይቅ ስሙን ሲፈታ ነው። አርባ ምንጭ በአማርኛ ነው የተሰየመችው፤ በዱሩ ውስጥ የሚፈልቁትን ምንጮች አይቶ አርባ ያለ ሰው ብዛታቸውን ነው የተናገረው። ይህን የለመደ ጆሮ ወደ አርሲ ተሻግሮ አርባ ጉጉ ሲሰማ ወዲያው መቁጠር ይጀምራል። በኦሮምኛ ግን አርባ ዝሆን ነው። ስለዚህ አርባ ጉጉ የሄደ ተመራማሪ ምንጭ ወይም ተራራ ከመቁጠሩ በፊት አገሬውን የሚጠይቀው ስለ ዝሆን ነው፦ በዚህ ሸለቆ ዝሆን ይውል ነበር ወይ፣ ያየስ ማን ነበር፣ መንገዱስ በየት በኩል ነበር?